ስሙን ያልቀየረው አምበል

መርካቶ ውስጥ ያደጋችሁ ሁሉ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቅ ውስጥ አባታችሁን ወይም አጎታችሁን ስታግዙ አንድ ደንበኛ ይመጣል። ዋጋ ይከራከራል፣ ይስማማል፣ ዕቃው እስኪታሰርለት ድረስ ወሬ ይጀምራል። «ስምህ ማነው?» ትነግሩታላችሁ። ትንሽ ያስብና «አገርህ የት ነው?» ይላል። «እዚሁ፣ አዲስ ከተማ» ብትሉት አይበቃውም። «አይ፣ የአባትህን አገር ማለቴ ነው» ይላል።

ብዙ ጊዜ ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ ዘመድ ፍለጋ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን መልሱን ከሰማ በኋላ የጠያቂው ፊት ይለወጣል። ያን ጊዜ የሰጣችሁት መልስ በሚዛን ላይ እንደተቀመጠ ይገባችኋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህ ጥያቄ ከልጅነት እስከ ሽምግልና ስለተከተለው አንድ ኳስ ተጫዋች ነው።

ስለ ስም ካነሣን ከሰፈራችን እንጀምር። መርካቶ የሚለው ቃል የጣልያን ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም ነበር። ጣልያኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነጩና ጥቁሩ በየራሱ ሰፈር እንዲኖር ፈለጉ። ስለዚህ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው አሁን ያለበት ቦታ ላይ አቆሙት። ሰውን ከሰው ለመለየት ተብሎ የተተከለው ገበያ ግን ከነጻነት በኋላ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ ሐረሬው፣ ዶርዜው፣ የመናዊው ጎን ለጎን ሱቅ ከፈተ። ስሙ ከጣልያን የመጣ ነው ብሎ «መርካቶ የእኛ አይደለም» የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኳሱም በዚያው ዘመን የስም ጣጣ ነበረበት። የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ልጆች ጋር ሆነው መሠረቱት። ወራሪው ሲገባ ክለቡ ስሙን እንዲቀይር ተገደደና ከፋሺስቶቹ ምልክት ጋር የተያያዘ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ስም ተለጠፈበት። ጣልያን ሲወጣ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውድድር ሲዘጋጅ የተሰለፉት ቡድኖች በትውልድ የተከፋፈሉ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች ነበሩ፤ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን ነበር። ኳስ ሜዳ ላይ ለመግባት እንኳ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንክ መታወቅ ነበረበት ማለት ነው።

እንግዲህ ከአንዱም ሙሉ በሙሉ ያልሆነ ልጅ የት ይሰለፋል?

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ የፋሺስቱ መንግሥት ጣልያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ አወጣ። እንዲህ ያሉ ልጆች በጣልያኖቹ ዘንድ ጥቁሮች፣ በአገሬው ዘንድ የጠላት ልጆች ነበሩ። «ክልስ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ተለጠፈባቸው። ስለዚህ አሥመራ ውስጥ የክልሶች የራሳቸው ቡድን ተቋቋመ፤ ስሙም ስቴላ አዝማሪና፣ የአሥመራ ኮከብ እንደማለት ነው። ወጣቱ ሉቺያኖም እዚያ ተጫወተ።

ትምህርቱን ብዙም አልገፋም። በልጅነቱ ሥራ ገብቶ በባቡር ድርጅት ውስጥ መካኒክ ሆነ። በዚያ ዘመን ኳስ ብቻውን እንጀራ አያበላም ነበር። ተጫዋቹ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይለማመዳል፣ እሑድ ይጫወታል። ሉቺያኖ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተዘዋወረ ሰው ነው። በአሥመራ ክለቦች ውስጥ ስሙ ሲነሣ አገሩን አቋርጦ ድሬዳዋ ወረደና ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተሰለፈ። የድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደው በእርሱና በጓደኞቹ ጊዜ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከትግርኛ ወደ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ከተማ ሲሻገር ይዞት የሄደው ሁለት ነገር ነው፦ መፍቻ የሚያውቅ እጅና ኳስ የሚያውቅ እግር።

እግሩ የተለየ ነበር። መሀል ሜዳ ላይ ሆኖ ጨዋታውን ይመራል፣ ያቀብላል፣ ከሩቅ ይመታል። የቆመ ኳስ ሲገኝ ደግሞ ሁሉም ወደ እርሱ ይመለከታል። ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ኳስ ስትጫወቱ «እገሌ ይምታ» የምትሉት ልጅ አለ አይደል? እንዲህ ያለው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቡድኑ እንምጣ። የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር አብሮ የሚሰለፍበት ቡድን አላመጣም አለች። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ ነበር ያለችው። ሌሎቹ ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ለዚህ አቋም ከቆሙት ኢትዮጵያውያን ዋነኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ተጫዋች ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው በኋላ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ እስኪሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲያገለግሉ ከዚህ አቋማቸው ዝንፍ አላሉም።

ኢትዮጵያ ልትገጥማት የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ስለቀረች በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች። በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገና 4 ለ 0። ሦስተኛው ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንዲሆን ሲወሰን የአገሩ ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ገምቱ።

ችግሩ የመጣው ከውጭ አልነበረም። በእግር ኳሳችን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ እንደሚነገረው፣ ከውድድሩ በፊት ሉቺያኖና ወንድሙ ኢታሎ ስማቸውን ወደ አገርኛ ስም እንዲቀይሩ ተጠየቁ። ለኢትዮጵያ የሚሰለፍ ሰው የጣልያን ስም ይዞ በሬዲዮ መጠራቱ ለአንዳንዶች አልተዋጠላቸውም። ከወረራው ገና ሃያ ዓመት ነው ያለፈው። ብዙ ቤት ውስጥ የግራዚያኒን ጭፍጨፋ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ። ስሜቱን መረዳት ይቻላል። ወንድማማቾቹ ግን አልቀየሩም። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ቡድኑ ካሸነፈ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው፤ አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ነው። «ንጹሕ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሌላ አምበል ይሾም» የሚል ሐሳብ መጣ። ይህን የተቃወሙት ይድነቃቸው ናቸው ይባላል። ሉቺያኖ አምበል የሆነው ስለሚገባው ነውና አይነካም አሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ካርቱም ላይ «ሰው በደሙ አይለይ» ተብሎ አንድ አገር ከዋንጫው ቀርቷል። አሁን ያው ጥያቄ በራሳችን ግቢ፣ በራሳችን ቋንቋ መጣ። ሩቅ ያለ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ፈተናው ጥያቄው ወደ ገዛ ቤታችሁ ሲገባ ነው። ይድነቃቸውን ከሌላው ዝና ይልቅ የማከብራቸው ለውጭ የተናገሩትን ለቤትም ስለተናገሩ ነው።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያ መጣች። ስታዲየሙ እንደሞላ ቱኒዚያዎች ሁለት ጎል አገቡ። 2 ለ 0። ከዚያ ኢትዮጵያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። ኳሷን ማን ያንሣት? ስሙን ቀይር የተባለው ሰው። ያን ጊዜ ቢስት የሚባለውን ማንም አያጣውም። «እርሱ ድሮስ የማን ልጅ ነው?» ይባል ነበር። መታ፤ ገባ። ግርማ ተክሌ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጨመሩና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ።

የቆመ ኳስ የሚመታ ሰው ዕጣ እንዲህ ነው። ይህ በእኛ ኳስ ብቻ አይደለም። በአሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት ጨዋታ፣ ሥራው መምታት ብቻ የሆነ አንድ ተጫዋች አለ። ጓደኞቹ ሲጋፉ እርሱ ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል። ሲጠራ ይገባል፣ አንዴ ይመታል፣ ይወጣል። ጋሪ አንደርሰን የተባለ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ሰው፣ እግር ኳስና ራግቢ እየተጫወተ አድጎ አሜሪካ ከገባ በኋላ ይህን ሥራ ያዘ። መጀመሪያ የመረጠው ክለብ አንድም ጨዋታ ሳያሰልፈው አሰናበተው። ሌላው ወሰደውና 13 ዓመት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ሌላ፣ እንደገና ወደ ሌላ። ፒትስበርግ፣ ፊላዴልፊያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሚኒሶታ፣ ቴነሲ፤ በአምስት ክለቦች 23 ዓመት መታ። እ.ኤ.አ. በ1998ቱ የውድድር ዘመን፣ በሚኒሶታ ሳለ፣ በመደበኛው ውድድር ከሜዳ የመታቸውን 35ቱንም አልሳተም። ወደ ፍጻሜው ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ ግን፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ግድም ሲቀረው፣ ለእርሱ እንደ ቀላል የሚቆጠር ምት በግራ በኩል ወጣበት። ቡድኑም በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ። እስካሁን ብዙ ሰው ስሙን የሚያነሣው በገቡት በሺህ በሚቆጠሩ ምቶች ሳይሆን በዚያች በአንዷ ነው። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣና መታ፤ ከዚያ በኋላም ስድስት ዓመት ተጫወተ።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። አንደርሰን ቢስት «መቺው ሳተ» ይባላል። ሉቺያኖ ቢስት «ክልሱ ሳተ» ይባል ነበር። አንዳንድ ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ የራሱ ብቻ አይሆንለትም፤ የወገኑ ሁሉ ተደርጎ ይቆጠርበታል። እናንተም መካከል ይህን ሸክም የሚያውቅ ይኖራል።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ። ባላጋራው ያቺው ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ያሸነፈችው ግብፅ ናት፤ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ባዳዊ አብደል ፈታህ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ ተመርታ ቆየች፤ ከዚያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም። ባዳዊ በ75ኛው ደግሞ አገባ። ሕዝቡ ዝም አለ። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። 2 ለ 2። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ አገባ። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ጨረሰው። 4 ለ 2።

አምበሉም ወጥቶ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ፎቶግራፉን አይታችሁት ይሆናል። ጣልያንን ሸሽተው በስደት የኖሩት ንጉሥ፣ የጣልያን ወታደር ልጅ ለሆነው የኢትዮጵያ አምበል ዋንጫ ይሰጣሉ። ሬዲዮው የጠራው ስም ቫሳሎ ነው። የዚያን ዕለት «የማን ልጅ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። አላበቃም። በዚያው ዓመት በጋ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ዘመኑም የረጅም ጦርነት ዘመን ሆነ። የዋንጫው ቡድን ውስጥ አብረው ያገቡና የተከላከሉ የአሥመራና የአዲስ አበባ ልጆች አገራቸው በመካከላቸው ሲሰነጠቅ አዩ። ሉቺያኖ በ1960ው የአፍሪካ ዋንጫም ለኢትዮጵያ ተሰልፏል፤ በኋላም አሠልጣኝ ሆነ። ደርግ ከመጣ በኋላ ግን መኖር አልቻለም። በ1970 ዓ.ም. ግድም በጅቡቲ በኩል አገር ጥሎ ወጣና ጣልያን ገባ። ወደ አባቱ አገር፣ እንደ ስደተኛ።

ሮም አጠገብ ባለችው በኦስቲያ ኖረ። እንደገና መፍቻውን አነሣ፤ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» ማለት ነው። አምበልነቱን ወይም ዋንጫውን ርእስ ማድረግ ይችል ነበር። እርሱ ግን እናቱን መረጠ። በዚህ ምርጫ ውስጥ አንድ ነገር ይታየኛል። ሰው ሁሉ «አባትህ ማነው?» እያለ ሲጠይቀው የኖረ ልጅ፣ በመጨረሻ የመለሰው ያሳደገችውን ሴት በመጥራት ነው።

መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። ከ1954 ወዲህ ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘችም። በ2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ እንኳ ከ31 ዓመት በኋላ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ያን ጊዜ በየካፌው ደጃፍ የነበረውን ጭፈራ ታስታውሳላችሁ፣ ወይም ታላቆቻችሁ ነግረዋችኋል። ብቸኛውን ዋንጫችንን ያነሣው እጅ ግን «ይህ እጅ አያንሣው» የተባለ እጅ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በሶማሌ ተራ ስታልፉ፣ መለዋወጫ ከሚደረደርበት ሱቅ ፊት ለፊት መኪና ሥር ተጋድመው የሚሠሩትን ልጆች ተመልከቱ። እጃቸው ጥቁር ግሪስ ነው። ከየት እንደመጡ አታውቁም። አንዱ ከሐዲያ፣ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወለጋ ይሆናል። አንዱ ደግሞ እናቱን ብቻ የሚያውቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ አምበልም እንዲህ ያለ እጅ ነበረው።

እሑድ ወደ ወጣቶች ኅብረታችሁ አዲስ ልጅ ሲመጣም ይህን አስታውሱ። ስሙን ጠይቁት፤ መልካም ነው። ስሙ ለጆሯችሁ እንግዳ ቢሆን ደግማችሁ ጠይቁና በትክክል ጥሩት። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ለጊዜው አቆዩት። በእርሱ ፈንታ «ምን መሥራት ትወዳለህ?» በሉት። ከዚያ ኳሷን ስጡትና ይምታ። ቢስት እንኳ የሳተው እርሱ ብቻ ይሁን፤ አባቱን አትጥሩበት። ቢያገባ ደግሞ ያገባው የእናንተ ልጅ ነው።